የእንቅስቃሴ ጠቋሚ በሰርቨር ክፍል ጥበቃ

የእንቅስቃሴ ጠቋሚ፣ በገበያ ስሙ ሞሽን ሴንሰር፣ በአንድ ቦታ ሰው መንቀሳቀሱን ለይቶ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚሰጥ መሣሪያ ነው። በሰርቨር ክፍል ጥበቃ ውስጥ ሥራው ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ በውስጡ ሰው መኖሩን ማወቅና ማንቂያ ማስነሳት ነው። ቁልፍና የካርድ መክፈቻ የሚጠብቁት በሩን ብቻ ሲሆን ጠቋሚው ግን በመስኮት፣ በኮርኒስ ወይም በተቦረቦረ ግድግዳ የገባውንም ሰው ያገኛል።

እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃታማ ከተሞች ይህ መሣሪያ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብዛት የሚሸጠው ጠቋሚ የሚሠራው በሰው አካልና በክፍሉ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ነው። መብራት ጠፍቶ የአየር ማቀዝቀዣው ሲቆም የክፍሉ ሙቀት ወደ ሰው ቆዳ ሙቀት ይጠጋል፤ የጠቋሚው የማየት አቅምም ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ጥበቃው ይበልጥ በሚፈለግበት፣ መብራቱም ካሜራውም ሊቋረጡ በሚችሉበት ሰዓት ነው።

አስፈላጊነቱ

ሰርቨር የአንድን ተቋም መረጃ የሚይዝና ለሌሎች ኮምፒውተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር ነው። በኔትወርክ በኩል የሚመጣን ጥቃት ለመከላከል የይለፍ ቃልና ፋየርዎል ይሠራሉ። ሰርቨሩ አጠገብ የቆመ ሰው ግን መሣሪያውን ሊያጠፋ፣ ዲስኩን ነቅሎ ሊወስድ ወይም ሌላ መሣሪያ ሊሰካበት ይችላል። በዚህ ምክንያት ክፍሉን መጠበቅ የመረጃ ደህንነት አንድ አካል ተደርጎ ይቆጠራል።

በዓለም ላይ የታወቁ ዝርፊያዎች ይህን ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ቺካጎ ዘራፊዎች የአንድ የመረጃ ማዕከልን ግድግዳ በኤሌክትሪክ መጋዝ ቆርጠው ገብተው የሌሊት ተረኛውን አጥቅተዋል፤ ሰርቨሮችንም ወስደዋል። በዚያው ዓመት በለንደን የፖሊስ ልብስ የለበሱ ሰዎች ወደ ሌላ የመረጃ ማዕከል ገብተው ሠራተኞችን አስረው ዕቃ ዘርፈዋል። በ2017 መጨረሻና በ2018 መጀመሪያ ደግሞ በአይስላንድ ከመረጃ ማዕከላት 600 ያህል ኮምፒውተሮች ተሰርቀዋል። በቺካጎ የመግቢያው መንገድ በር አልነበረም፤ በለንደን ደግሞ በሩ የተከፈተው በማታለል ነው።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች የንግድና የመጓጓዣ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ጋር ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ የከተማ አስተዳደር ነች። ዩኒቨርሲቲዋ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን ነፃ የንግድ ቀጣናዋ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ተመርቋል። የመንግሥት አገልግሎት፣ የባንክ ሥራ፣ የጉምሩክ ሥርዓትና የተማሪዎች ምዝገባ በኮምፒውተር በሚካሄድበት ከተማ የአንድ ሰርቨር መጥፋት በብዙ ሰው ጉዳይ ላይ ይደርሳል።

ታሪክ

በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሌባ ማንቂያ እ.ኤ.አ. በ1853 በአሜሪካ ለአውገስተስ ራስል ፖፕ የፈጠራ መብት የተሰጠበት ሲሆን የሚጠብቀውም በርና መስኮትን ነበር። ክፍሉን ራሱን የሚጠብቅ መሣሪያ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሳሙኤል ባግኖ ሰው በማይሰማው ድምፅ የሚሠራ ጠቋሚ አቀረበ። መሠረቱ ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 የገለጸው ክስተት ነው፦ ከሚንቀሳቀስ አካል ነጥሮ የሚመለስ ሞገድ ድግግሞሹ ይለወጣል። ኋላ ላይ የሰውነትን ሙቀት የሚያነቡ ርካሽ ጠቋሚዎች ገበያውን ያዙ።

ዓይነቶችና አሠራራቸው

የኢንፍራሬድ ጠቋሚ

ማንኛውም አካል እንደ ሙቀቱ መጠን ለዓይን የማይታይ ጨረር ያወጣል። ይህም ኢንፍራሬድ ወይም ታህታይ ቀይ ጨረር ይባላል። የሰው አካል ጨረር የሚበረታው በ9.5 ማይክሮ ሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ሲሆን ጠቋሚው አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 14 ማይክሮ ሜትር ያለውን ይቀበላል። ራሱ ምንም ጨረር ስለማይለቅ ተቀባይ ብቻ ነው።

በውስጡ ሙቀት ሲለዋወጥበት የኤሌክትሪክ ሙል የሚፈጥር ፓይሮኤሌክትሪክ የተባለ ቁስ አለ። ቁሱ በጥንድ ይሠራና አንዱ ከሌላው ይቀነሳል። ክፍሉ በሙሉ ቀስ ብሎ ሲሞቅ ሁለቱ እኩል ስለሚሞቁ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል። ሰው ሲያልፍ ግን መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው ጨረሩን ስለሚያገኝ ምልክት ይፈጠራል። ከፊቱ ያለው የፍሬኔል ሌንስ የክፍሉን ስፋት እንደ ማራገቢያ ክንፍ በብዙ ቀጠናዎች ይከፋፍለዋል። ስለዚህ ጠቋሚው ቀጠናዎቹን አቋርጦ የሚያልፍን ሰው ከማንም በተሻለ ያያል፤ በቀጥታ ወደ እሱ የሚመጣን ሰው ግን ዘግይቶ ሊያገኘው ይችላል። ጨረሩ የመስኮት መስታወትንም ሆነ ግድግዳን ስለማያልፍ በኮሪደር የሚሄድ ሰው አያስነሳውም።

የማይክሮዌቭ ጠቋሚ

ይህ ጠቋሚ የሬዲዮ ሞገድ ይለቅና ነጥሮ የሚመለሰውን ያነጻጽራል። በብዛት የሚሠራባቸው ድግግሞሾች 10.525 እና 24.125 ጊጋ ኸርዝ ናቸው። በሰከንድ 1 ሜትር ወደ እሱ የሚራመድ ሰው በ10.525 ጊጋ ኸርዝ ላይ ወደ 70 ኸርዝ የሚጠጋ ልዩነት ይፈጥራል። የክፍሉ ሙቀት አይነካውም። ጉድለቱ ሞገዱ መስታወትን፣ እንጨትን፣ ቺፑድንና ጂፕሰምን ማለፉ ነው። በቺፑድ በተከፋፈለ ቢሮ ውስጥ ያለ ጥንቃቄ ከተተከለ ከጎን ክፍል ያለውን ሰው ሊያይ ይችላል። የሰርቨር መደርደሪያ ብረት ደግሞ ሞገዱን ይመልሳል።

ጥምር ጠቋሚ

ኢንፍራሬድንና ማይክሮዌቭን በአንድ ሣጥን የያዘ ነው። የተለመደው አሠራር ሁለቱም ሲስማሙ ብቻ ማንቂያ መስጠት ነው። ይህ ሐሰተኛ ማንቂያን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በሙቀት ምክንያት ኢንፍራሬዱ ከደከመ ማይክሮዌቩ ብቻውን ማንቂያ መስጠት አይችልም። አንዳንድ ሞዴሎች ክፍሉ ሲሞቅ ወይም ሌንሱ ሲሸፈን ወደ ማይክሮዌቭ ብቻ የሚቀየሩ ስለሆነ ለሞቃታማ ቦታ ሲመረጥ ይህ ችሎታ መኖሩ ከመሣሪያው መግለጫ ይጣራል።

የአልትራሳውንድ ጠቋሚ

ለሰው ጆሮ በማይሰማ ድምፅ የሚሠራ ሲሆን የአየር ነፋስ ያውከዋል። የአየር ማቀዝቀዣና የሰርቨር ማራገቢያ ያለማቋረጥ በሚነፍሱበት ክፍል እምብዛም አይመረጥም።

የቪዲዮ እንቅስቃሴ ልየታ

ካሜራ በተከታታይ የሚያነሳቸውን ምስሎች ኮምፒውተር ያነጻጽራል። የተለወጡት የምስል ነጥቦች ከተወሰነ መጠን ሲበልጡ መቅዳት ይጀምራል ወይም ማንቂያ ይልካል። በሊኑክስ ላይ የሚሠሩት ሞሽንና ዞንማይንደር ይህን የሚያደርጉ ነፃ ሶፍትዌሮች ናቸው። ትልቁ ጥቅሙ ማን እንደገባ ማሳየቱ ነው። የማከማቻ ቦታም ይቆጥባል፦ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት የሚቀዳ ካሜራ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ቢሠራ በቀን 21.6 ጊጋ ባይት ይፈጃል፤ በቀን 30 ደቂቃ እንቅስቃሴ ብቻ ቢቀዳ ግን 0.45 ጊጋ ባይት ይበቃዋል።

የሰርቨሮቹ ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች እንቅስቃሴ መስለው ስለሚታዩ ያ የምስሉ ክፍል እንዳይታይ ተደርጎ ይሸፈናል። በጨለማ የሚሠራ ካሜራ የሚለቀው ብርሃን ነፍሳትን ስለሚስብ ትንኝና የሸረሪት ድር ሐሰተኛ ቀረጻ ያበዛሉ። ቀረጻው እዚያው ክፍል ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ ሌባው መቅጃውን ከሰርቨሩ ጋር ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ቅጂው ወዲያው ወደ ሌላ ሕንፃ መላክ አለበት።

ሙቀትና የድሬዳዋ ሁኔታ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ደረቅና ሞቃት ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል። አሽሬ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለኮምፒውተር ክፍል የሚመክረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። የአየር ማቀዝቀዣው እስከሠራ ድረስ የኢንፍራሬድ ጠቋሚ ለማየት የሚበቃው ልዩነት ያገኛል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ በስቴፋን-ቦልትዝማን ሕግ ማስላት ይቻላል። የሰው ቆዳ 33 ዲግሪ ነው ብንልና ክፍሉ 22 ዲግሪ ቢሆን፣ በቆዳውና በግድግዳው ጨረር መካከል ያለው ልዩነት በካሬ ሜትር ወደ 68 ዋት ይሆናል። ክፍሉ 31 ዲግሪ ሲደርስ ልዩነቱ ወደ 13 ዋት ይወርዳል። ይህም ከመጀመሪያው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። በ33 ዲግሪ ላይ ባዶ ይሆናል። ክፍሉ ከቆዳ በላይ ሲሞቅ ሰውየው ከግድግዳው የቀዘቀዘ ሆኖ እንደገና መታየት ይጀምራል።

ክፍሉ ወደዚያ ሙቀት ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሮቹ በዩፒኤስ ባትሪ ይቀጥላሉ፤ ብዙ ኃይል የሚፈልገው የአየር ማቀዝቀዣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጀነሬተር እስኪነሳ ይቆማል። 5 ኪሎ ዋት የሚፈጁ ሰርቨሮች ያሉበትን 60 ሜትር ኩብ ክፍል ብንወስድ፣ ሙቀቱ አየሩን ብቻ ቢያሞቅ በደቂቃ ወደ 5 ዲግሪ ይጨምር ነበር። በተግባር ግድግዳውና ብረቱ ሙቀት ስለሚወስዱ ጭማሪው ይዘገያል፤ ሆኖም ጀነሬተሩ ከዘገየ ክፍሉ ከ22 ወደ 31 ዲግሪ መድረሱ አይቀርም።

ለዚህ ችግር የሚወሰዱ መፍትሔዎች የሚከተሉት ናቸው፦

– የሙቀት ማካካሻ ያለው ጠቋሚ መምረጥ። መሣሪያው ክፍሉ ሲሞቅ ስሜቱን ራሱ ከፍ ያደርጋል፤ ይህ ግን ሐሰተኛ ማንቂያን በተወሰነ መጠን ይጨምራል።
– በሙቀት የማይነካ ሁለተኛ ዘዴ ማከል፣ ለምሳሌ ማይክሮዌቭ ወይም የበር መግነጢሳዊ ጠቋሚ።
– የሙቀት መለኪያን ከማንቂያው ሰሌዳ ጋር ማገናኘት። ክፍሉ ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ የሚደርሰው መልእክት ሰርቨሮቹ በአደጋ ላይ መሆናቸውን፣ ጠቋሚውም እየደከመ መሆኑን በአንድ ጊዜ ይናገራል።
– መብራት በጠፋ ቁጥር የጥበቃ ሠራተኛ ወደ ክፍሉ በር እንዲሄድ በሥራ መመሪያ መወሰን።

አቀማመጥ

የኢንፍራሬድ ጠቋሚ ብዙውን ጊዜ ከወለሉ ከ2.1 እስከ 2.4 ሜትር ከፍታ ላይ በማዕዘን ይተከላል። ወደ በሩ የሚገባው ሰው ቀጠናዎቹን አቋርጦ እንዲያልፍ ይዞራል። በማቀዝቀዣው አፍ ፊት ለፊት ወይም ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ትይዩ አይደረግም።

በሰርቨር ክፍል ሦስት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛ፣ የሰርቨር መደርደሪያዎች ረጃጅም የብረት ግድግዳዎች ስለሆኑ ከኋላቸው የቆመን ሰው ይከልላሉ፤ በመደርደሪያዎቹ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ መተላለፊያ አንድ ጠቋሚ ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከሰርቨሮቹ ጀርባ የሚወጣው አየር ከ35 ዲግሪ ሊበልጥ ስለሚችል ወደዚያ የዞረ የኢንፍራሬድ ጠቋሚ ማቀዝቀዣው እየሠራም ቢሆን ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ቀዝቃዛው አየር በሚገባበት ወገን ማየቱ ይመረጣል። ሦስተኛ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና ቀላል ኮርኒስ ባለው ሕንፃ ከጎን ክፍል ግድግዳ በላይ ተሻግሮ መግባት ይቻላል። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ካልደረሰ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ክፍተት በወንፊት ብረት ይዘጋል ወይም የራሱ ጠቋሚ ይደረግለታል።

ሽቦ፣ ኃይልና መነካካት

ጠቋሚው ከማንቂያው ሰሌዳ ጋር በሽቦ ሲገናኝ ዑደቱ በሰላሙ ጊዜ ዝግ እንዲሆን ይደረጋል። እንቅስቃሴ ሲኖር ዑደቱ ይከፈታል፤ ሽቦው ሲቆረጥም እንዲሁ ስለሚከፈት ማንቂያው ይነሳል። በዑደቱ መጨረሻ የሚደረግ ሬዚስተር ደግሞ ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ ሰሌዳውን ለማታለል የሚደረግን ሙከራ ያጋልጣል። የጠቋሚው ክዳን ሲከፈት የሚነግር ሌላ ዑደት ቀኑን ሙሉ፣ ማንቂያው ባልበራበት ሰዓትም ጭምር ይሠራል። ቀን ላይ የገባ ሰው ሌንሱን በወረቀት ወይም በቀለም ሸፍኖ ሌሊት ሊመለስ ስለሚችል፣ ሲሸፈን የሚያሳውቅ ጠቋሚ ከፍ ላለ ጥበቃ ይመረጣል። ኢኤን 50131 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ የማንቂያ ሥርዓቶችን ከ1 እስከ 4 ሲከፍል ይህን ችሎታ ከ3ኛው ደረጃ ጀምሮ ይጠይቃል።

ሰሌዳው የራሱ ባትሪ ሊኖረው ይገባል። ጠቅላላ ፍጆታው 0.3 አምፔር የሆነ ሥርዓት በ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በስሌት ወደ 23 ሰዓት ይቆያል። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ ግን ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ በሞቃታማ ቦታ ባትሪው ቀድሞ ይቀየራል።

ማንቂያው ከተነሳ በኋላ

ጠቋሚ ሌባን አያስቆምም፤ ጥቅሙ የሚለካው ከምልክቱ በኋላ ሰው ምን ያህል ቶሎ እንደደረሰ ነው። ምልክቱ በአጭር የስልክ መልእክት ብቻ የሚላክ ከሆነ ኔትወርክ ሲቋረጥ ይጠፋል። ስለዚህ ጥበቃው የሚሰማው ደወልም አብሮ ይኖራል።

በየሌሊቱ ያለ ምክንያት የሚጮህ ማንቂያ ከጊዜ በኋላ ማንም አይሰማውም። አቧራ በሌንስ ላይ ሲከማች፣ በገመድ ቀዳዳ አይጥ ሲገባ ወይም እንሽላሊት በጠቋሚው ፊት ሲያልፍ ሐሰተኛ ማንቂያ ይበዛል። ቀዳዳዎችን መድፈንና ሌንሱን በየጊዜው መጥረግ ስሜቱን ከመቀነስ ይቀድማል።

በሥራ ሰዓት የጠቋሚው ምልክት ከካርድ መክፈቻው መዝገብ ጋር ይነጻጸራል። ካርድ ሳይነበብ በክፍሉ እንቅስቃሴ ከታየ ወይም የመጨረሻው ሰው ከወጣ በኋላ እንቅስቃሴ ከቀጠለ ጉዳዩ ይመረመራል። የቀትር ዕረፍቱ ረዥም በሆነበት ቢሮ ማንቂያው በዚያም ሰዓት መብራት አለበት፤ ክፍሉ ባዶ የሚሆነው ሌሊት ብቻ አይደለም።

ለንጽጽሩ የሰዓት መመሳሰል ወሳኝ ነው። ካሜራው 2:00 ሲል የጥበቃው መዝገብ ያንኑ ቅጽበት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ብሎ ሊመዘግብ ይችላል፤ ቀኑም በአንዱ በኢትዮጵያ፣ በሌላው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሊጻፍ ይችላል። የትኛው አቆጣጠር እንደሚሠራበት አስቀድሞ ካልተወሰነ መዝገቦቹ እርስ በርስ የሚጋጩ ይመስላሉ።

ሕግና ደረጃዎች

በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መድረስን በወንጀልነት ይደነግጋል። የማንቂያና የካርድ መዝገቦች ለእንዲህ ያለ ምርመራ ማስረጃ ሊሆኑ ይችላሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሰውን ለይቶ ሊያሳውቅ የሚችል መረጃ አያያዝን ይመለከታል። የካሜራ ቀረጻ የሰውን ማንነት ስለሚያሳይ ማን እንደሚያየውና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ መወሰን ያስፈልጋል። የኢንፍራሬድ ጠቋሚ ግን ሰው መኖሩን እንጂ ማንነቱን አይመዘግብም።

አይኤስኦ/አይኢሲ 27001 የተባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ ደህንነት ደረጃ በ2022 እትሙ የግቢና የክፍል ክትትልን ራሱን የቻለ መቆጣጠሪያ አድርጎ ጨምሯል። የክፍያ ካርድ መረጃ የሚይዙ ተቋማት የሚከተሉት ፒሲአይ ዲኤስኤስ ደግሞ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ የሚገባውን ሰው በካሜራ ወይም በመግቢያ መቆጣጠሪያ መከታተልንና መዝገቡን ቢያንስ 3 ወር ማቆየትን ይጠይቃል።

ውስንነቶች

የእንቅስቃሴ ጠቋሚ ቁልፍ ይዞ በሥራ ሰዓት የሚገባን ሠራተኛ ከሌባ አይለይም። በለንደን እንደታየው በሩ በማታለል ሲከፈትም ብቻውን አይረዳም። ጭስን፣ እሳትንና ውኃንም አያይም። በድሬዳዋ የመጨረሻው ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ በወንዙ አቅራቢያ ባለ ሕንፃ የሰርቨር ክፍል ከምድር ቤት ይልቅ ከፍ ባለ ፎቅ ላይ ይመረጣል፤ የውኃና የጭስ ጠቋሚም በዚያው ሰሌዳ ላይ ይገናኛል።

ሙከራ

ሥርዓቱ በየጊዜው በእግር ጉዞ ይሞከራል፦ አንድ ሰው በክፍሉ በየአቅጣጫው በዝግታም በፍጥነትም ሲሄድ ጠቋሚው የት እንዳየውና የት እንዳላየው ይመዘገባል። ሙከራው ጠዋት በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ከተደረገ ስለ ሙቀቱ ሰዓት የሚናገረው የለም። ለሞቃታማ ከተማ ትክክለኛው ፈተና ከሰዓት በኋላ፣ ማቀዝቀዣው ለአጭር ጊዜ ቆሞ፣ የሰርቨሮቹ ሙቀት እየታየ የሚደረገው ነው።

ተማሪዎች ይህን በትንሽ ወጪ ማየት ይችላሉ። ኤችሲ-ኤስአር501 የተባለው የኢንፍራሬድ ሞጁል በ5 ቮልት ይሠራል፤ እስከ 7 ሜትር ያያል፤ ከበራ በኋላ ለመረጋጋት 1 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ከአርዱይኖ ወይም ከራስቤሪ ፓይ ጋር አገናኝቶ፣ ቴርሞሜትር ጨምሮ፣ ጠቋሚው በጠዋትና በቀትር ሰውን ከስንት ሜትር እንደሚያይ በሠንጠረዥ ማነጻጸር ይቻላል። ሞጁሉ ሽቦ መቆረጡንም ሆነ ሌንሱ መሸፈኑን የሚያሳውቅበት ዘዴ ስለሌለው ለመማሪያ እንጂ ለእውነተኛ የሰርቨር ክፍል ጥበቃ አይውልም።